ከቀኑ በፊት መዝገቡን፦ ስለ ራያ ሕዝበ ውሳኔ ከቆቦ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአላማጣ፣ በኮረም፣ በኦፍላ፣ በዛታና በራያ ባላ ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔ እንዲካሄድ ለምትወስኑና ለምታስፈጽሙ የፌዴራል መንግሥት አካላት

ግልባጭ፦ ለአማራና ለትግራይ ክልል መንግሥታት፤ ለራያ ሕዝብ፣ ባለበት

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን የምንጽፍላችሁ ከአላማጣና ከአካባቢው ተፈናቅለን ሰሜን ወሎ፣ ቆቦ የምንኖር መምህራን ነን። በ2016 ሚያዝያ ግጭቱ ሲያገረሽ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ወደ ቆቦና ወደ ሰቆጣ ወጣ። ከፊሉ ተመለሰ። ከፊሉ እንደ እኛ ቀረ። የቆቦ ሰው ያለውን አካፍሎናል። እሱም ግን ጦርነት ያደቀቀው ሕዝብ ነው፤ እስከ መቼ ይሸከመን?

ራያ የአማራ ነው ወይስ የትግራይ ብለን ልንከራከራችሁ አልመጣንም። ለእሱ ፌስቡክ አለ። በእኛም መካከል አንድ አቋም የለም፤ ቡና ላይ ይነሳና ስንት ጊዜ ተኮራርፈን ተለያይተናል። ሁላችንንም ያስማማን ግን አንድ ቅሬታ አለ። በ2016 ጥቅምት መጨረሻ መንግሥት መግለጫ አወጣ። ተፈናቃዩ ይመለሳል፣ ሕዝቡ የራሱን አስተዳደር ይመርጣል፣ የመጨረሻው እልባት በሕዝበ ውሳኔ ይሆናል ተባለ። ከዚያ ወዲህ «ሪፈረንደም ይደረጋል» የሚለውን ስንሰማ ኖርን። ማን እንደሚመርጥ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ ድምፁ በቀበሌ ይቆጠር በወረዳ፣ የተሸነፈው ወገን ምን እንደሚሆን የሚነግረን ግን ጠፋ።

መምህር ምን አገባው የምትሉ ካላችሁ እናስረዳ። በዚህ አገር ቆጠራም ይምጣ ምርጫ፣ ፎርሙን የሚሞላው አስተማሪ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ገደል ወጥተው ቤት ለቤት የዞሩ በመካከላችን አሉ። ኮሮጆ አጠገብ ያደሩም አሉ። ስለዚህ አንድ ነገር በደንብ እናውቃለን። አብዛኛው ነገር የሚያልቀው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት፣ የመራጮች መዝገብ የተከፈተ ዕለት ነው። ማን ተጻፈ፣ ማን ተባረረ፣ ማን «ነገ ና» ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰልፍ ነው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ብሏል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 48 ክልሎቹ ራሳቸው እንዲስማሙ ይጠይቃል። ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስናል፤ ጉዳዩ ከቀረበለት ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ። መርሁ ተጽፏል። የቀረው ዝርዝሩ ነው፤ ጠቡ በሙሉ ያለውም እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

ትልቁ ጥያቄ ማን ይመርጣል የሚለው ነው። «እዚያ የሚኖር ይምረጣ!» የሚል ሰው አይጠፋም። መቼ የሚኖር? ከ1983 በፊት አላማጣም ኮረምም ወሎ ነበሩ። በ1977ቱ ረሃብ ኮረም በቴሌቪዥን ዓለምን ስታስለቅስ የወሎ ከተማ ነበረች። ኢሕአዴግ ገብቶ ክልል ሲዋቀር ወደ ትግራይ ተካለሉ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ አስተዳዳሪው ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ እዚያ የነበረ ያውቀዋል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ ሹሙ ብቻ አይደለም። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ ባለሱቁ ልጆቹን ይዞ አብሮ ይወጣል።

እንግዲህ «ከ1983 በፊት የነበረና ልጆቹ» ካላችሁ አንድ መዝገብ ይወጣል። «በ1999 ቆጠራ የተገኘ» ካላችሁ ሌላ መዝገብ ነው። «ከጥቅምት 2013 በፊት ይኖር የነበረ» ብትሉ ሌላ፤ «ዛሬ ቀበሌው ውስጥ ያለ» ብትሉ ደግሞ ጭራሽ ሌላ። ውጤቱ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ይህን የሚመርጠው ማን ነው? በየትኛው ስብሰባ? ቃለ ጉባኤው የት አለ? ሁሉም ወገን የሚመቸውን ቀን በሹክሹክታ እያወራ ነው፤ በአደባባይ ግን አንድም የተነገረ ነገር አልሰማንም።

ቆጠራ ካነሳን አይቀር፣ ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አልተካሄደም። በ2010 ሊደረግ ነው ተብሎ ተራዘመ። በ2011ም ተራዘመ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች አብዛኞቹን ይህች አገር አንድም ቀን ቆጥራቸው አታውቅም።

የታሪክ መምህር ነኝና ትንሽ ይፈቀድልኝ። ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የመለሰ አለ፣ ሳይመልስ የቀረም አለ። በፈረንሳይና በጀርመን መካከል የነበረው የሳር ግዛት እ.ኤ.አ. በ1935 ድምፅ ሲሰጥ፣ መራጩ ማን እንደሆነ ከ15 ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር። የቬርሳይ ውል በተፈረመበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1919 እዚያ ይኖር የነበረ ሰው ይመርጣል፤ በቃ። የዚህ ጥቅሙ ይታያችሁ። ቀኑ አስቀድሞ ከተቆረጠ በኋላ ሰው አምጥቶ ማስፈር ድምፅ አያስገኝም። ሰው ማባረርም የሌላውን ድምፅ አይቀንስም። የእኛው ቀን ባለመቆረጡ ግን እያንዳንዱ መፈናቀል፣ እያንዳንዱ አዲስ ሰፋሪ፣ እያንዳንዱ አዲስ መታወቂያ የምርጫ ቅስቀሳ ሆኖብናል።

ያልመለሱትን ደግሞ እዩ። በምዕራብ ሰሃራ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1991 ሕዝበ ውሳኔ የሚያስፈጽም ተልዕኮ ላከ። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1974 ያካሄደችው ቆጠራ ነበር። በእሱ ላይ ማን ይጨመር፣ ማን ይቀነስ በሚለው ዓመታት ተበሉ። ድምፅ ዛሬም አልተሰጠም። ተልዕኮው ግን አሁንም እዚያው ነው።

ቅርባችን በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ያለችውን አብዬን ደግሞ የማያውቅ የለም፤ ከ2003 ሰኔ ጀምሮ ለዓመታት የኢትዮጵያ ወታደር ጠብቋታል። ደቡብ ሱዳን ለነጻነቷ በመረጠችበት በ2003 ጥር፣ አብዬም ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ደቡብ የሚለውን ልትመርጥ ነበር። ከብቱን እየነዳ በየዓመቱ የሚመጣው የሚሲሪያ አርብቶ አደር ድምፅ ይኖረዋል አይኖረውም በሚለው ተሰናከለ። በ2006 ጥቅምት ነዋሪው የንጎክ ዲንካ ሕዝብ ብቻውን ድምፅ ሰጠ። ውጤቱን ማንም አልተቀበለውም። መራጩ ሳይታወቅ ኮሮጆ ቢዘረጋ ምን እንደሚከተል የኛው ሠራዊት እዚያ ሆኖ አይቶታል። እዚህ ስንደግመው ያስተዛዝባል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ተፈናቃይ ነው። እዚህ ላይ ቆቦ ያሉ አንዳንድ ወዳጆቻችን ይቆጡን ይሆናል፤ ይቆጡን። ከአላማጣ ወደ ቆቦ የወጣ ሰው ተፈናቃይ ከሆነ፣ ከ2013 ወዲህ ከአላማጣና ከኮረም ወደ ማይጨውና ወደ መቀሌ የወጣ ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤታችንም ተፈናቃይ ነው። ከእነሱ ውስጥ አብረን ያስተማርን አለን። የልጆቻችን ክርስትና አባት የሆኑ፣ ሰደቃችን ላይ የተቀመጡ አሉ። እነሱን ያስቀረ መዝገብ የሐሰት መዝገብ ነው። እኛን ያስቀረውም እንደዚያው። ሁለቱም በአንድ መስፈርት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ማስረጃ ይጻፉ ነው የምንለው።

ደግሞ «ተመለሱ» ብሎ ቀን መናገርና መመለስ ይለያያሉ። ኢራቅ ከኩርዶች ጋር ስለምትወዛገብባት ኪርኩክ ቅደም ተከተሉን አሳምራ ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 140 ላይ ጽፋው ነበር። መጀመሪያ የተፈናቀለው ይመለስ፣ ቀጥሎ ይቆጠር፣ ከዚያ ይምረጥ። እስከ 2007 መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ይጠናቀቃል ተባለ። ቀኑ አለፈ። ሕዝበ ውሳኔው እስካሁን አልተካሄደም። እኛም ቤታችን ማን እንደገባበት፣ በራችን ይኑር አይኑር ሳናውቅ አውቶቡስ ላይ ብትጭኑን የትኛው ቀበሌ ሄደን እንመዘገባለን?

ስለ ካርታውና ስለ ጥያቄው በአጭሩ። አላማጣ ከተማና ዙሪያው ገጠር አንድ ላይ ይቆጠራሉ ወይስ ለየብቻ? ኦፍላ በወረዳ ይቆጠራል ወይስ በቀበሌ? ይህ የቢሮ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 ሽሌስቪግ በዴንማርክና በጀርመን መካከል ድምፅ ስትሰጥ የሰሜኑ ክፍል እንደ አንድ ጥቅል ተቆጠረ። ቶንደር የምትባለው ከተማ ነዋሪ አብዛኛው ጀርመንን መርጦ ነበር፤ በጥቅሉ ተሸንፎ ዴንማርክ ገባ። የደቡቡ ዞን ግን የተቆጠረው በየመንደሩ ነው። ማለት የፈለግነው፣ የመቁጠሪያው ስፋት ራሱ ድምፅ ይሰጣል። ድምፅ ሰጪው ይህን አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው።

ወረቀቱስ ምን ይላል? ሁለት ምልክት ብቻ ከሆነ፣ «እኔ ራያ ነኝ፤ በራሴ ልተዳደር» የሚለው ጎረቤቴ ጣቱን የት ያድርግ? እሱ ጥቂት ነው ካላችሁ ቆጥራችሁ ንገሩት። አንድ ግቢ ውስጥ አያት በኦሮምኛ የምትመርቅበት፣ እናት በትግርኛ የምትቆጣበት፣ ልጅ በአማርኛ የሚማርበት አካባቢ ነው። ወደ ኦፍላና ዛታ ስትወጡ አገውኛ አለ። ወረቀቱ በስንት ቋንቋ ይታተማል?

አሁን ወደ ራሳችን ሥጋት እንምጣ። አስፈጻሚ ሁኑ መባላችን አይቀርም። በሰላሙ ጊዜ ምርጫ አስፈጻሚነት አበል ያለው ሥራ ነው፤ ሰው ይሻማበታል። በዚህኛው ግን ስም የጻፈውም ስም የሰረዘውም አስተማሪ እዚያው ሰፈር ነው የሚያድረው። ማታ በሩ ይንኳኳል። «ለምን ጻፍከው?» ወይም «ለምን ሰረዝከው?» ይባላል። የሚያንኳኳው ከየትኛው ወገን ይሁን ከየትኛው ለእሱ ልዩነት የለውም። የሲዳማው ሕዝበ ውሳኔ ኅዳር 10 ቀን 2012 በሰላም አለፈ፤ ጥሩ ነው። ግን ያ በአንድ ክልል ውስጥ የተካሄደ ነው። በደቡብ በ2015 ጥር የተደረገውም እንዲሁ። ያም ሆኖ የወላይታ ውጤት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን 2015 ድጋሚ ድምፅ ተሰጥቷል። ታጣቂ ባልተፋጠጠበት ቦታ እንኳን ጥሰት ነበር። ሁለት ክልል በሚፋጠጥበት ምን ይሁን?

የእኛው ዓይነት የሚመስለው የኦሮሚያና የሶማሌው ነው። በ1997 ጥቅምት ከ420 በላይ ቀበሌዎች ድምፅ ሰጡ። አብዛኞቹ ወደ ኦሮሚያ ሄዱ። አለቀ ተባለ። በ2009 እና በ2010 በዚያው ወሰን በተነሳ ግጭት በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። በአማራ ክልልም የቅማንት ሕዝብ የራስ አስተዳደር ጥያቄ በ2010 መስከረም በስምንት ቀበሌዎች ድምፅ ተሰጥቶበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የፈሰሰውን ደም እናንተም ታውቃላችሁ። በሁለቱም ቦታ ድምፁ ተቆጥሯል። ከተቆጠረ በኋላ አናሳ ሆኖ የቀረው ሰው ምን ዋስትና አለው የሚለው ነው የተዘለለው።

ወሎ ላይ አበጋር፣ ራያና ቆቦ ላይ ዘወልድ የሚባል የእርቅ ሥርዓት አለን። ሽማግሌው ፍርዱን ከመናገሩ በፊት ሁለቱንም ወገን ዋስ ያስጠራል። «ብይኑ ቢጎረብጥህ ትገባለህ?» ይባላል። ዋስ ያልጠራ ሰው ጉዳይ አይታይም። ከሁለቱ ክልሎች ማን ዋስ ጠርቷል? እስካሁን የምንሰማው ሁለቱም ካሸነፉ እንደሚቀበሉት ነው።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ደግሞ ኑሮ አልቆመም። አንዲት ተማሪያችን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዷን ይዛ አንድ ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ካርዱን አገላበጠው። ማህተሙን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። «ይሄ ማህተም አሁን የለም» አላት። ሌላ ቢሮ ሄደች። እዚያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ «ከእኛ ዝርዝር ወጥቷል» ተባለች። ሮስተሩን እናምጣ ብንል ሮስተሩ የቀረው ትምህርት ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ይኑር አይኑር እግዜር ይወቅ። ልጅቷ የክፍሉ አንደኛ ነበረች። አሁን ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ታፈላለች።

የእኛም ነገር ከእሷ አይሻልም። የአገልግሎት ዘመናችንን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ስንጠይቅ አንዱ መሥሪያ ቤት «ክሊራንስ አምጡ» ይለናል። ክሊራንሱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት «እናንተን አናውቃችሁም» ይላል። ጡረታ የደረሱ ባልደረቦች አሉን፤ ያስተማሩበት ዘመን በሁለት ክልል መካከል ተንጠልጥሏል። የደመወዙን ነገር ብንጀምረው ደብዳቤው አያልቅም፤ እንተወው። ኬላ ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ የትኛው ኪስ ውስጥ ያለውን ልስጥ ብሎ ሰው የሚያመነታበት አገር ሆኗል። ይህን ለመፍታት ሕዝበ ውሳኔ አያስፈልግም። አንድ ሰርኩላር ይበቃዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የድምፅ መስጫው ቀን ከመነገሩ በፊት የመራጭነት መስፈርቱና የመቁረጫው ቀን ተጽፎ በአደባባይ ይውጣ። የትኛውን ቀን እንደመረጣችሁ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደመረጣችሁትም ይጻፍ። በቆቦ፣ በሰቆጣ፣ በማይጨው፣ በመቀሌ፣ በአላማጣና በኮረም ውይይት ይደረግበት። ስብሰባው ላይ ካድሬ ብቻ እንዳትጠሩ።

ተፈናቃይ ያለበት ቦታ ሁሉ፣ በሁለቱም ክልል፣ በአንድ ፎርም ይመዘገብ። መዝገቡ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ አቤት ለሚል ሰው በቂ ጊዜ ይሰጠው። ሰነዱ ለጠፋበት ሰው የጎረቤት ምስክርነት እንዴት እንደሚታይ ከወዲሁ ይወሰን።

ጥያቄው፣ የመቁጠሪያው ወሰንና የወረቀቱ ቋንቋዎች አብረው ይገለጹ።

ምርጫ አስፈጻሚው ከሁለቱም ክልል ውጭ ይምጣ። እኛን መጠቀም ግድ ከሆነ ግን ለእኛና ለቤተሰባችን ስለሚሰጠው ጥበቃ በጽሑፍ ይነገረን። ከድምፁ በፊትም በኋላም የታጠቀ የክልል ኃይል በአካባቢው እንዳይኖር ይደረግ።

ሁለቱ ክልሎች ውጤቱን እንደሚቀበሉና አናሳ ሆኖ የሚቀረውን ሕዝብ መሬቱን፣ ቋንቋውንና ትምህርት ቤቱን እንደሚጠብቁለት አስቀድመው ይፈርሙ። ሽሌስቪግ ውስጥ ዛሬ ጀርመን በኩል የዴንማርክኛ፣ ዴንማርክ በኩል የጀርመንኛ ትምህርት ቤት አለ። ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1955 በየበኩላቸው መግለጫ አውጥተው ያጸኑት ነገር ነው። አላማጣ ላይ በትግርኛም በአማርኛም ማስተማር የሚከብድ አይደለም፤ አስተማሪዎቹ አለን።

ድምፁ ቢቀር እንኳን፣ በእነዚህ ወረዳዎች በየትኛውም አስተዳደር ዘመን የተሰጠ የትምህርት፣ የልደት፣ የጋብቻና የመሬት ማስረጃ፣ እንዲሁም የመምህራን የአገልግሎት ዘመን፣ በመላ አገሪቱ ተቀባይነት እንዲኖረው የሚያዝ ደብዳቤ ለሁሉም መሥሪያ ቤቶች ይጻፍ። ይህን እስከ መጪው መስከረም የትምህርት ቤት ምዝገባ ድረስ እንጠብቃለን። መልሱንም እንደዚህ ደብዳቤ በግልጽ ስጡን።

ከአክብሮት ጋር፣

ከአላማጣና ከአካባቢው ተፈናቅለው የሚኖሩ መምህራን
በእነሱ ስም፦ የታሪክ መምህርና የመምህራኑ ተወካይ
ቆቦ፣ ሰሜን ወሎ